ሐዋሳ ላይ ሆኖ የፀሐይ ግርዶሽን በካርቶን እንዴት ማየት ይቻላል?

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ ሰኞ ዕለት፣ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ አለ። የጨረቃ ጥላ ከአትላንቲክ ተነስቶ በደቡብ ስፔንና በሰሜን አፍሪካ አድርጎ፣ ግብፅን፣ ጅዳንና መካን አልፎ፣ በየመን በኩል የሶማሊያን ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ነክቶ ይሄዳል። ሐዋሳ ከመስመሩ ውጪ ናት። እኛ የምናየው ቀትር ካለፈ በኋላ ፀሐይዋ ተገምጣ ነው። እሱም ቢሆን ከተዘጋጁበት ሥራ የሚያስፈታ ነው።

መጀመሪያ የዓይን ነገር። ሰኔ 14 ቀን 2012 ቀለበታዊው ግርዶሽ በላሊበላ ሲያልፍ እኛም ጋ ከፊሉ ታይቶ ነበር። ያን ጠዋት ሰፈር ውስጥ ያልወጣ ዕቃ አልነበረም፦ ራጅ ፊልም፣ በሻማ ጥላሸት የጠቆረ መስታወት፣ ሲዲ፣ ውሃ የተሞላ ሳፋ። አንዱም አይሆንም። ብርሃኑን ቢያደበዝዙትም ጎጂውን ጨረር በሚገባ አያስቀሩም። ዓይን ከውስጥ ሲቃጠል ደግሞ አያምም። ጉዳቱ የሚታወቀው ከሰዓታት በኋላ ነው።

የግርዶሽ መነጽር ካገኛችሁ አይኤስኦ 12312-2 የሚል የደኅንነት ደረጃ ይኑረው፤ ጭረት ካለበት ጣሉት። የብየዳ መስታወት የሚሆነው ቁጥር 14 ከሆነ ነው። ብየዳ ቤት ውስጥ በብዛት ያለው ከዚያ የቀለለ ስለሆነ ቁጥሩን ሳታነቡ አትዋሱ። (አንዳንዱ በያጅማ ራሱ በተራ የፀሐይ መነጽር ነው የሚሠራው!)

እኔ ከሁሉም የምመርጠው ካርቶን ነው። አያስወጣም፣ ቤተሰብ ሁሉ ተሰብስቦ ያይበታል። ረጅም ፈልጉ፤ የቬንትሌተር ካርቶን አሪፍ ነው። ካልተገኘ ሁለት የፓስታ ካርቶን በፕላስተር አያይዙ። ከአንዱ ጫፍ ውስጥ ነጭ ወረቀት ለጥፉ። ሌላኛውን ጫፍ መዳፍ በሚያህል ቅደዱና ፎይል ወጥራችሁ በመርፌ ብሱት። በጎኑ በኩል፣ ወረቀቱ አጠገብ፣ ማያ መስኮት ክፈቱ።

ርዝመቱ ላይ የምጨቀጭቀው በምክንያት ነው። ከቀዳዳው እስከ ወረቀቱ ያለውን ርቀት ለ109 ብታካፍሉ የምስሉን ስፋት ታገኛላችሁ። 1 ሜትር ካርቶን 9 ሚሊሜትር ገደማ የሆነች ፀሐይ ይሰጣችኋል። በጫማ ካርቶን ግን የምስር ክክ ነው የምታክለው፤ ተገመጠች አልተገመጠች ብሎ መከራከር ነው ትርፉ።

ምስሉ ሲደበዝዝ ሰው ሁሉ የሚቸኩለው ቀዳዳውን ወደ ማስፋት ነው። ይደምቃል፣ ግን ጠርዙ ይበላሻል። ከ1 ሚሊሜትር አይብለጥ። ይልቅ መስኮቱንና ጭንቅላታችሁን በጃኬት ወይም በጋቢ ሸፍኑና ውስጡን አጨልሙት።

ሌላው ጣጣ አቅጣጫው ነው። ፎቶ ላይ የምታዩት ሰው ካርቶኑን ትከሻው ላይ አድርጎ ለፀሐይ ጀርባውን ሰጥቶ ነው። እሱ ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ይሠራል። በዚያ ሰዓት ሐዋሳ ላይ ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ ትንሽ ወደ ሰሜን ምዕራብ ብታዘነብል ነው። ስለዚህ ካርቶኑን መሬት ላይ አቁሙት፣ ፎይሉ ወደ ላይ ይሁን። ለማስተካከል ቀና ብላችሁ ፀሐይዋን አትፈልጉ። የካርቶኑን ጥላ እዩ። እያዘነበላችሁት ጥላው በጣም ያጠረበት ቦታ ላይ ገጥሟል ማለት ነው።

ቀደም ብላችሁ በማንኛውም ፀሐያማ ቀን ሞክሩት። አንድ ትርፍ ፎይል ላይ ቀዳዳውን በምላጭ ሦስት ማዕዘን አድርጉት። ትንሽ እስከሆነ ድረስ ወረቀቱ ላይ የሚያርፈው ክብ ነው፣ የፀሐይዋ ምስል ነዋ! ሦስት ማዕዘን ካያችሁ ቀዳዳው ሰፍቷል። በቀዳዳው አጮልቆ ፀሐይዋን ማየት ግን የለም። ለልጆች ይህን ደጋግማችሁ ንገሩ።

ካርቶን የሰለቸው የፓስታ ማጥለያ ወረቀት ላይ ይያዝ፤ በየቀዳዳው አንድ የተገመጠች ፀሐይ ትወርድለታለች። ፍቅር ሐይቅ ዳር ካሉት ትልልቅ ዛፎች ሥር ደግሞ ምንም አያስፈልግም። በቅጠሎቹ ክፍተት የሚያልፈው ብርሃን አስፋልቱ ላይ ሁሉ ትንንሽ ማጭድ ይሆናል።

ሐምሌ ስለሆነ ደመና አይጠፋም። ግርዶሹ ከሁለት ሰዓት በላይ ስለሚቆይ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። ስልክ ላይ ጊዜ አታጥፉ። ባይኖኩላር ግን በፍጹም፣ መነጽሩን አድርጋችሁም ቢሆን።

አቅሙ ያለው ግብፅ፣ ሉክሶር ይሂድ። እዚያ ፀሐይዋ ከ6 ደቂቃ በላይ ሙሉ በሙሉ ትጋረዳለች። 99 በመቶ መጋረድ እንኳ ከዚህ ጋር አይወዳደርም። የቀረችው 1 በመቶ ከሙሉ ጨረቃ በሺዎች እጥፍ ትደምቃለችና ሰማዩ አይጨልምም። መነጽር የሚወልቀውም እዚያ፣ በዚያች 6 ደቂቃ ብቻ ነው። የአልማዝ ቀለበት የሚሏት የመጨረሻዋ ብልጭታ ስትጠፋ አውልቁ። በጥቁሩ ክብ ዙሪያ የፀሐይዋ ነጭ አክሊል ይዘረጋል፣ በጠራራ ቀን ቬነስ ትወጣለች፣ አድማሱ በአራቱም አቅጣጫ የምሽት ቀለም ይይዛል። ቪዲዮውን ለሌላ ሰው ተዉት። በሌላኛው ጠርዝ ብርሃን ብልጭ ሲል መነጽሩ ወዲያው ይመለሳል። በዚያ ወቅት ሉክሶር 40 ዲግሪ ስለሚደርስ ኮፍያና ውሃ ያዙ፤ ሆቴሉንም ከአሁኑ ጠይቁ።