ማሽኑ እንዳይፈነዳ፣ እንዳይራብም፦ በማይንክራፍት ሞዶች የኃይል መግቢያ ልክን እንዴት እናስተካክላለን?

አዳማ ውስጥ በአንድ ራውተር ተያይዘው ማይንክራፍት የሚጫወቱ የሰፈራችን ልጆች አንድ ጥያቄ ይደጋግማሉ። "ትልቁን ባትሪ ሰራሁ፣ ከማሽኖቹ ጋር አገናኘሁት፣ የቤቱ ግማሽ ጠፋ። ምን አጠፋሁ?" መልሱ ሁልጊዜ ያው ነው። ማሽኑ ስንት እንደሚችል ሳይታይ ኃይል ተለቀቀበት።

ችግሩ የሚመጣው ሁሉም ሞድ፣ ማለትም ጨዋታው ላይ የሚጫን ተጨማሪ፣ አንድ ስለሚመስል ነው። ኢንዱስትሪያልክራፍት 2 እና ግሬግቴክ ላይ ማሽን ከልኩ በላይ ከመጣበት ይፈነዳል። ቴርማል ኤክስፓንሽንና ሜካኒዝም ላይ ግን ማሽኑ የሚችለውን ብቻ ይወስዳል፣ የተረፈው ምንጩ ጋ ይቆያል። በእነዚህኛዎቹ የለመደ ሰው ወደ እነዚያ ሲሻገር ነው ጉድ የሚፈላው።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ዓለማችሁን ኮፒ አድርጉ። ጨዋታውን ዝጉ፣ ሴቭስ የሚባለውን ፎልደር ክፈቱ፣ የዓለማችሁን ፎልደር ሌላ ቦታ ገልብጡ። ለፍንዳታ ብቻ አይደለም። በዴስክቶፕ የምትጫወቱ ከሆነ ጨዋታው ሴቭ እያደረገ መብራት ቢሄድ ዓለሙ ሊበላሽ ይችላል። ከዚህ ደግሞ የጨዋታው ትራንስፎርመር አያድናችሁም።

1. አሃዱን እዩ

ማውሱን ማሽኑ ላይ አሳርፉ ወይም መስኮቱን ክፈቱ። ኢዩ (የኢንዱስትሪያልክራፍትና የግሬግቴክ የኃይል መለኪያ) የሚል ከሆነ ተጠንቀቁ፣ የፍንዳታው ሰፈር ነው። አርኤፍ፣ ኤፍኢ ወይም ጁል (የእነ ቴርማልና ሜካኒዝም መለኪያዎች) የሚል ከሆነ ተረጋጉና በቀጥታ ወደ ቁጥር 5 እለፉ።

2. የሚበላውንና የሚችለውን ለዩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ማዕድን የሚፈጨው ማሰሬተር ሲሰራ በቲክ 2 ኢዩ ይበላል። ቲክ ማለት የሰከንድ 20ኛ ክፍል ነው። የሚችለው መግቢያ ግን 32 ነው። 2 ስለሚበላ 2 ብቻ መስጠት የለባችሁም፣ 10 ብትሰጡትም ምንም አይሆንም። እንዲያውም በቲክ 10 ኢዩ የሚያወጣ አንድ ተራ ጀነሬተር አምስት ማሰሬተር ያንቀሳቅሳል። 128 በአንድ ጊዜ ከመጣበት ግን አለቀለት።

በኢንዱስትሪያልክራፍት 2 ደረጃዎቹ 32፣ 128፣ 512፣ 2048 እና 8192 ናቸው። እያንዳንዱ ከበታቹ አራት እጥፍ ነው። ግሬግቴክም በእነዚሁ ቁጥሮች ይሄዳል፣ ከታችም ከላይም ሌሎች ይጨምራል። ጄኢአይ የሚባለውን የዕቃ ዝርዝር ማሳያ ሞድ ከጫናችሁ የማሽኑን ስም ፈልጋችሁ ደረጃውን ማየት ትችላላችሁ።

3. ኃይሉ ከየት እንደሚወጣ ተከታተሉ

አዳማ ያደገ ልጅ ቶሎ ብሎ የንፋስ ተርባይን ቢያቆም አይፈረድበትም። ከከተማዋ ዳር ኮረብታው ላይ ሁለቱ የንፋስ ኃይል ጣቢያዎች፣ 51 እና 153 ሜጋ ዋት፣ ተሰልፈው ይታያሉ። ለጀማሪ ግን አደገኛው አብዛኛውን ጊዜ ምንጩ ሳይሆን ማጠራቀሚያው ነው። የፀሐይ ፓነል በቲክ 1 ኢዩ ነው የሚሰጠው። ያ ሁሉ ኤምኤፍኤስዩ በሚባለው ትልቅ ባትሪ ውስጥ ተጠራቅሞ ሲወጣ ግን በ2048 ይወጣል።

በአዲሶቹ ቅጂዎች ከባትሪዎቹ ባትቦክስ 32፣ ሲኢኤስዩ 128፣ ኤምኤፍኢ 512፣ ኤምኤፍኤስዩ 2048 ያወጣሉ። ሲኢኤስዩ ባልነበረበት በድሮው ቅጂ ግን ኤምኤፍኢ 128፣ ኤምኤፍኤስዩ 512 ነበሩ። ዩቲዩብ ላይ ያሉ የቆዩ ቪዲዮዎች በድሮው ቁጥር ነው የሚያስተምሩት። ቪዲዮውን አምኖ በአዲሱ ቅጂ የገነባ ሰው የፈነዳበት ለዚህ ነው፣ ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም።

4. በመሃል ትራንስፎርመር አስገቡ

መንገድ ዳር ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር 15 ሺህ ቮልቱን ወደ 380 እና 220 የሚያወርደው ለዚሁ ነው። 15 ሺውን ቀጥታ ምጣድ ላይ የሚሰካ የለም። ጨዋታውም እንደዚያው ነው፣ ልዩነቱ አንድ ትራንስፎርመር የሚያወርደው አንድ ደረጃ ብቻ መሆኑ ነው። ከኤምኤፍኤስዩ ወደ ማሰሬተር ለመድረስ ሦስት በተከታታይ ያስፈልጋሉ፦ የመጀመሪያው 2048ን ወደ 512፣ ሁለተኛው ወደ 128፣ ሦስተኛው ወደ 32።

አቀማመጡን ልብ በሉ። ከስድስቱ ፊቶች አንዱ ከሌሎቹ የተለየ ነው። ከፍተኛው ኃይል የሚገባው በዚያ ነው፣ ዝቅተኛው በአምስቱ ይወጣል። ተገልብጦ ከተቀመጠ በመፍቻ አዙሩት። የሬድስቶን (የጨዋታው ማብሪያ ማጥፊያ መስመር) ምልክት ሲደርሰው ደግሞ ሥራው ይገለበጥና ማውረዱን ትቶ ማሳደግ ይጀምራል። ስለዚህ ሊቨር ወይም የሬድስቶን መስመር አጠገቡ አታሳልፉ። አዲሶቹ ቅጂዎች ላይ መስኮቱን ከፍታችሁ ማውረድ የሚለው ላይ ብታስሩት ይሻላል።

ኬብሉም የራሱ ልክ አለው። በአዲሶቹ ቅጂዎች የቲን ኬብል 32፣ የመዳብ 128፣ የወርቅ 512 ይችላል። ከዚያ በላይ ከሄደበት ይቀልጣል። ባትሪውን የሚነካውን ኬብል ሌላው መስመር ካለቀ በኋላ አስቀምጡ። መስመሩ ጫፍ ላይ መጀመሪያ አንድ ርካሽ ማሽን ብቻ አገናኙና ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ከተረፈ ሌሎቹን ጨምሩ።

ማሽኑን ለማፍጠን ኦቨርክሎከር የምትከቱ ከሆነ ደግሞ ሌላ ስሌት አለ። አንዱ ኦቨርክሎከር ፍጆታውን በ1.6 ያበዛዋል። ማሰሬተር ላይ አምስት ብትከቱ ወደ 21 ኢዩ ይደርሳል፣ ባትቦክስ ይችለዋል። ስድስተኛውን ስትጨምሩ 33 ያልፋል። አንድ ባትቦክስ ከ32 በላይ ስለማይሰጥ ማሽኑ መራብ ይጀምራል። ያኔ ማሽኑ ውስጥ የትራንስፎርመር አፕግሬድ አስገቡ። መግቢያውን ወደ 128 ያሳድገዋል፣ በሲኢኤስዩ ልትመግቡት ትችላላችሁ። አፕግሬዱን መጀመሪያ፣ መስመሩን ቀጥሎ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ውጤቱን ታውቁታላችሁ።

ግሬግቴክ ላይ አንድ ነገር ይጨመራል፦ አምፔር። እዚያ ማሽን የሚያፈነዳው ቮልት ነው፣ ገመድ የሚያቃጥለው ከልኩ ያለፈ አምፔር ወይም ቮልት ነው። ማሽኑ የሚፈልገውን አምፔር ብቻ ስለሚስብ ምንጩ ብዙ አምፔር ቢኖረው አትጨነቁ፣ የገመዱን ውፍረት እዩ። ገመዱ በረዘመ ቁጥር ቮልቱ ስለሚቀንስም ጀነሬተሩን ከማሽኖቹ አታርቁ።

5. አርኤፍና ኤፍኢ ላይ የሚራብ ማሽን

እዚህ ፍንዳታ የለም፣ ቀርፋፋነት ነው ያለው። ማሽኑ እየሰራ የኃይል ዘንጉን ተመልከቱ። ሙሉ ሆኖ ከቆየ በቂ እየደረሰው ነው። እየወረደ ከሄደ ከጀነሬተሩ እስከ ማሽኑ ያለውን መንገድ አንድ በአንድ ፈትሹ፦ ጀነሬተሩ የሚያመነጨው፣ ማጠራቀሚያው እንዲያወጣ የተፈቀደለት፣ ኬብሉ የሚያሳልፈው፣ ማሽኑ የሚቀበለው። ከአራቱ ትንሹ ነው የሚገዛው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው መጀመሪያ ላይ የተዘረጋውና የተረሳው ርካሽ ኬብል ነው፣ ሰው ግን ሮጦ ሁለተኛ ጀነሬተር ይሰራል።

ሜካኒዝም ላይ ስምንት የፍጥነት አፕግሬድ ብቻውን ከተከተተ ማሽኑ 10 እጥፍ ይፈጥናል፣ በቲክ የሚበላው ግን 100 እጥፍ ይሆናል። ስምንት የኢነርጂ አፕግሬድ ሲጨመርበት ፍጆታው ወደ 10 እጥፍ ይወርዳል። ሁለቱን አብራችሁ ክተቱ።

6. ኮንፊግ

አንዳንድ ሞዶች ልኩን ወይም ፍንዳታውን ኮንፊግ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ለመቀየር ይፈቅዳሉ። ፋይሉን ከመንካታችሁ በፊት ጨዋታውን ዝጉ፣ ኮፒም አስቀምጡ። ከጓደኞቻችሁ ጋር በሰርቨር የምትጫወቱ ከሆነ የሚሠራው ሰርቨሩ የተከፈተበት ኮምፒውተር ላይ ያለው ፋይል ነው። የራሳችሁን ብቻ ቀይራችሁ ፍንዳታ ጠፍቷል ብላችሁ እንዳትዝናኑ።