ሰሜን ሲሞር ደሴትን ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በኢኳዶሯ ጋላፓጎስ በአንድ ቀን ደርሰው ከሚመለሱባቸው ደሴቶች መካከል ለባሕር ወፍ ወዳጅ ሰሜን ሲሞርን የሚያህል ጥቂት ነው። ከባልትራ ደሴት በስተሰሜን ያለች ጠፍጣፋ ደሴት ናት፤ ስፋቷ ሁለት ስኩዌር ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሰው አይኖርባትም፤ የጋላፓጎስ ብሔራዊ ፓርክ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ሳይኖርም አይወረድባትም።

የእሳተ ገሞራ አፍ ለማየት መሄድ

ደሴቷ የተሠራችው ከባሕር በታች በፈሰሰ ላቫ ነው፤ ብቅ ያለችው በኋላ የባሕሩ ወለል ወደ ላይ ሲገፋ ነው። ስለዚህ ተራራም ጉድጓድም የላትም። የእሳተ ገሞራ መልክዓ ምድር የሚፈልግ ባርቶሎሜ የተባለችውን ደሴት ይምረጥ፤ እዚያ 114 ሜትር ከፍታ ወዳለው ጫፍ የሚያወጣ የእንጨት ደረጃ አለ። ወፎችን በቅርብ ለማየት ግን ሰሜን ሲሞር ትሻላለች።

ጉብኝቱን በመድረሻ ወይም በመመለሻ ቀን መያዝ

ደሴቷ ለባልትራ አውሮፕላን ማረፊያ ቅርብ ስለሆነች «እግረ መንገዴን አያታለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ጉብኝቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ግን በሳንታ ክሩስ ደሴት ካለችው ከፖርቶ አዮራ ከተማ ነው፤ ጠዋት ደሴቱን በአውቶቡስ አቋርጦ ጀልባው ወደሚነሳበት ኢታባካ መተላለፊያ፣ በሳንታ ክሩስና በባልትራ መካከል ወዳለው ጠባብ ባሕር፣ ለመድረስ 40 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ መመለሻውም ከሰዓት በኋላ ነው። በዚያ ላይ ጀልባዎቹ በየትኛው ቀን የት እንደሚያርፉ የሚወሰነው በፓርኩ ፕሮግራም ስለሆነ «ለነገ አዛውሩልኝ» ማለት አያዋጣም።

ስለ ክፍያውም አስቀድመው ይወቁ። ከነሐሴ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአብዛኛው የውጭ አገር ጎብኚ የፓርኩ መግቢያ 200 ዶላር ነው፤ ከዚህ ሌላ የ20 ዶላር የመሸጋገሪያ ካርድ አለ። ሁለቱም በጉብኝቱ ዋጋ ውስጥ አይካተቱም፤ ስለዚህ ጥሬ ገንዘብ ይያዙ።

የማቅለሽለሽ ክኒን ዘግይቶ መዋጥ

ከሰኔ እስከ ኅዳር ባሕሩ ይቀዘቅዛል፣ ሞገዱም ይበረታል። ክኒኑ የሚሠራው ከመነሳትዎ አንድ ሰዓት ገደማ በፊት ከተወሰደ ነው፤ ሆድ ከተገለባበጠ በኋላ ቢውጡት ያስመልሱታል። በጀልባው የኋላ ክፍል ተቀምጠው ዓይንዎን አድማስ ላይ ያድርጉ፤ ስልክ አይመልከቱ።

እጅ ሞልቶ መውረድ

ትልቁ ጀልባ ዳር ድረስ አይጠጋም። ተጓዡ ወደ ትንሿ የሞተር ጀልባ፣ ወደ ፓንጋ፣ ተሻግሮ በላቫ ዐለት ላይ ይወርዳል። ማረፊያው «ደረቅ» ቢባልም ዐለቱ እርጥብና አንሸራታች ነው፤ ፓንጋዋም ከሞገዱ ጋር ከፍ ዝቅ ትላለች። ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ይክተቱ፣ ሁለቱም እጅዎ ባዶ ይሁን። መርከበኛው እጁን ሲዘረጋ መዳፉን ሳይሆን ክንዱን ከአንጓው በላይ ይያዙ፣ እሱም የእርስዎን ይይዛል፤ እርጥብ መዳፍ ያመልጣል፣ ክንድ ግን አያመልጥም። የሚረግጡት ሞገዱ ፓንጋዋን ከፍ ሲያደርጋት፣ እሱ «አሁን» ሲል ብቻ ነው። ነጠላ ጫማ እዚህ አይሆንም፤ ሶሉ የማያንሸራትት ዝግ ጫማ ያድርጉ።

«ወፉ ካልፈራኝ ልጠጋ» ማለት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። የዚህ ደሴት ወፎች ሰውን አይሸሹም፤ ስለዚህ ርቀቱን መጠበቅ ያለበት ሰው ነው። ደንቡ ቢያንስ ሁለት ሜትር ነው። ሰማያዊ እግሩ ቡቢ የሚባለው የባሕር ወፍ ጎጆ አይሠራም፤ መሬት ላይ እንቁላል ጥሎ በእግሩ እያሞቀ ከ40 ቀን በላይ ይታቀፋል። የመታቀፊያው ወሰን ዙሪያውን የተረጨው ነጭ የኩስ ቀለበት ነው። ቀለበቱን ካዩ ወፉ ባይኖርበትም አይርገጡ። ወፉ ከእንቁላሉ ከተነሳ፣ ወይም አንገቱን አስግጎ ድምፅ ካሰማ፣ በጣም ተጠግተዋል ማለት ነው፤ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይመለሱ። ያልተሸፈነ እንቁላል ወይም ላባ ያላወጣ ጫጩት በምድር ወገብ ፀሐይ ብዙ አይቆይም።

ፍሪጌት ወፍ ደግሞ ጎጆውን በአጭር ቁጥቋጦ ላይ፣ አንዳንዴ በወገብ ከፍታ ይሠራል። ወንዱ ቀይ ጉሮሮውን እንደ ፊኛ ነፍቶ ሲያዩት እጅ የመዘርጋት ፍላጎት ያድራል፤ ዝም ብለው ይመልከቱ። ፍላሽ ክልክል ነው፤ በራሱ እንዳይበራ ከመውረድዎ በፊት የስልክዎን ፍላሽ ያጥፉት። ድሮንም አይፈቀድም። ቡቢ መንገዱ ላይ ከተኛ አስጎብኚው የት እንደሚታለፍ ያሳያል፤ በራስዎ ከመንገዱ አይውጡ። «ትንሽ ብቻ» ብሎ አስጎብኚውን መለመንም ፈቃዱን አደጋ ላይ መጣል ነው።

ምግብ ይዞ መውረድ፣ ቅርንጫፍ መስበር

ወደ ደሴቷ ከውኃ በስተቀር የሚበላም የሚጠጣም አይወሰድም። አንድ የፍራፍሬ ዘር ወይም በቦርሳ የገባች ጉንዳን እዚያ ያልነበረ ወራሪ ልትሆን ትችላለች። የጫማዎን ሶል ከመነሳትዎ በፊት ይቦርሹ።

በደረቁ ወራት ፓሎ ሳንቶ የሚባለው ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ የሞተ ይመስላል። አልሞተም። ከእኛ የዕጣን ዛፍ ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው፣ እንጨቱም ሲጤስ ይሸታል፤ ለማሽተት ብሎ መስበር ግን ክልክል ነው። የላቫ ድንጋይና ዛጎል ማንሳትም እንዲሁ።

ጥላ ይኖራል ብሎ ማሰብ

ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል በሚሄደው መንገድ ላይ መጠለያ የለም። ደመና ቢኖርም ፀሐዩ ያቃጥላል። ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ተኩል ውኃ፣ ረጅም እጅጌ ያለው ስስ ሸሚዝ፣ ነፋስ እንዳይወስደው ከአገጭ ሥር የሚታሰር ባርኔጣ ይያዙ። የፀሐይ መከላከያ ክሬሙን ጀልባው ላይ ሳሉ ይቀቡ፤ ክሬም የነካ እጅ ከፓንጋ ሲወርዱ ያንሸራትታል፣ ስለዚህ አስቀድመው በደንብ ይጥረጉት።