«ብሮንዚናው አዲስ ነው» የተባለ ያገለገለ የስፖርት መኪና

የዘይቱን ልክና የዘይት መብራቱን አይታችኋል ብዬ ልጀምር። ብሮንዚና ማለት በኮሎው (በሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ) እና በቢዬላው (ፒስተኑን ከኮሎው በሚያያይዘው ዘንግ) መካከል የሚገጠም ስስ የብረት ሽፋን ነው።

ችግር፦ ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ከኮፓው (ከሞተሩ ሥር ካለው የዘይት ገንዳ) አካባቢ እንደ መዶሻ የከበደ ምት ይሰማል። በደቂቃ 2500 ዙር አካባቢ ይዛችሁ እግራችሁን ከነዳጅ መርገጫው ስታነሱ ይጎላል።

ምክንያት፦ የቢዬላ ብሮንዚና ተበልቷል። በብሮንዚናውና በኮሎው መካከል ያለው ክፍተት የሚሊሜትር ጥቂት መቶኛ ነው፤ ዘይት ለአፍታ ከጠፋ ብረት ብረትን ይፍቃል። በፈጣን መታጠፊያ ላይ ዘይቱ ወደ ኮፓው ጥግ ይሸሽና ፓምፑ አየር ይስባል። ሞተሩ ሳይሞቅ እስከ ቀዩ መስመር የሚረግጥ ሰውም ጉዳቱን በገዛ እግሩ ያመጣዋል።

ማረጋገጫ፦ ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ኮይሎችን ሶኬት ተራ በተራ ንቀሉ፤ ምቱ የሚቀንስበት ሲሊንደር ጥፋተኛው ነው። ከጥቂት ሰከንድ በላይ አታቆዩት፤ ያልተቃጠለው ነዳጅ ካታሊስቱን (የጭስ ማጣሪያውን) ያበላሻል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ደህና ነው ብላችሁ አትፍረዱ፤ ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ድምፁን ይሸፍናል። ዘይቱ ላይ ማወፈሪያ የሚጨምር ሻጭም ይህንኑ ያውቃል።

ፍሪሲዮን ስትረግጡ ድምፁ ከተለወጠ የኮሎውን የፊትና የኋላ እንቅስቃሴ አስለኩ። ፖርሼ 986 (ቦክስተር) ወይም 996 (911) ከሆነ የመካከለኛውን ዘንግ ኩሽኔታ ለብቻው መርምሩ።

ችግር፦ ድምፅ የለም፤ ሻጩ «ብሮንዚናው ተቀይሯል» ይላል።

ደጋግሜ የማየው ይህንን ነው። አንድ ገዢ ደረሰኝ ይዞ መጣ። ሞተሩ ጸጥ ያለ፣ የዘይት ግፊቱም ጥሩ ነበር። የዘይት ፊልትሮውን (ማጣሪያውን) ፈትቼ ወረቀቱን በቢላ ቆረጥሁና እጥፋቶቹን ፀሐይ ላይ ዘረጋኋቸው። የዓሣ ቅርፊት የመሰሉ ስስ ቅንጣቶች፣ ግማሾቹ ብርማ፣ ግማሾቹ መዳብማ ሆነው አብረቀረቁ። ማግኔት አስጠጋሁ፤ አንዱም አልተነሳም። ገዢው ተንፈስ አለ፤ እኔ ደነገጥሁ። የብዙ ሞተሮች ብሮንዚና ከላይ ቲን ወይም እርሳስ፣ ቀጥሎ መዳብ ሆኖ ብረቱ ከጀርባ ነው። ማግኔት የማይስበው ቅንጣት ከዚያ የተላጠ ነው። ኮፓውን አውርደን የቢዬላውን ካፕ ስንከፍት የአዲሱ ብሮንዚና መዳብ ወጥቷል፤ ኮሎው ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት አለ። የቀየረው ሰው ኮሎውን አልለካም፣ የዘይት ማቀዝቀዣውንም አልነካም። እዚያ የተደበቀው አሮጌ ስብርባሪ አዲሱን በላው። እንዲህ ያለውን ሥራ ጥገና ብሎ ደረሰኝ መቁረጥ ያናድደኛል።

ቆርቆሮ ለበስ ፊልትሮ ከሆነ በመፍጫ አትቁረጡት፤ የመፍጫው ብናኝ ገብቶ ያሳስታችኋል። ሻጩ ፊልትሮው እንዳይከፈት ከከለከለ መኪናውን ተዉት።

መፍትሄ፦ ኮሎው ወጥቶ በማይክሮሜትር ይለካ። ጭረት ካለ 0.25 ወይም 0.50 ሚሊሜትር ተላጭቶ ልኩ ብሮንዚና ይገጠምለታል። ላዩ በሙቀት የጠነከረ ኮሎ ከሆነ ግን መላጨቱ ጠንካራውን ቆዳ ሊያነሳው ስለሚችል እንደገና ይጠንከር ወይም ይለወጥ። በሙቀት ወደ ሰማያዊ የተለወጠ ቢዬላ ይጣል። የሚለጠጡ የቢዬላ ቡሎኖች ሁለተኛ አይታሰሩም። የዘይት ፓምፑ ይከፈት፣ የኮሎው የዘይት ቀዳዳዎች ይታጠቡ። የዘይት ማቀዝቀዣው በአዲስ ይተካ፤ አጥቤዋለሁ የሚላችሁን አትመኑ። ይህን ሁሉ ከዋጋው ላይ ቀንሳችሁ የማያዋጣችሁ ከሆነ አትግዙ።

ከተገጠመ በኋላ በ500 ኪሎ ሜትር ዘይቱን ቀይሩ፣ ፊልትሮውን እንደገና ቁረጡ። ወረቀቱ ላይ እንደዚያ የዓሣ ቅርፊት የመሰለ የሚያብረቀርቅ ቅንጣት ካያችሁ ሞተሩን አታስነሱት።