ካሚ የሥራ መደብ አይደለም፦ በሺንቶ የተቃኘ ዓለም ስትፈጥሩ የሚያጋጥሟችሁ ስህተቶች

ባለፈው ወር አንድ ጀማሪ ጌም ማስተር (በጠረጴዛ ዙሪያ የሚደረግ የሚና ጨዋታን ዓለምና ታሪክ የሚመራ ሰው) የኤክሴል ፋይል ላከልኝ። ሠላሳ ሁለት አማልክት። ስም፣ ሥልጣን፣ መሣሪያ፣ ጠባይ። "የፀሐይ አምላክ፣ ሰይፍ፣ ደግ። የባሕር አምላክ፣ ጦር፣ ግልፍተኛ።" እንዲህ እያለ እስከ ታች ይወርዳል። "ከሺንቶ የወሰድኩት ነው፣ እንዴት ነው?" ይላል መልእክቱ። ሺንቶ የጃፓኖች ነባር እምነት ነው፤ የሚመለኩት ካሚ ይባላሉ።

ፋይሉን ዘጋሁትና ቡና አፈላሁ። ልጁን ለመቆጣት ሞራል አልነበረኝም። የእኔ የመጀመሪያ ፋይል ሃያ አራት አማልክት ነበሩት፤ ያውም በቀለም የተከፋፈሉ። ስለዚህ ይኼን የምጽፈው ለእሱም፣ ለድሮው ለእኔም ነው። (ዓመቶቹ፣ ካልተባለ በቀር፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

1. ለአማልክቱ የሥራ መደብ ማውጣት

ትልቁ ይኼ ነው። ሌላውን ሁሉ ዘላችሁ ይቺን ብቻ ብታነቡ አይከፋኝም።

የግሪኮቹን ለምደናል። አምላክ ሲባል ወዲያው "የምን?" ብለን እንጠይቃለን። የጦርነት፣ የፍቅር፣ የመብረቅ። መሥሪያ ቤት ይመስል ለያንዳንዱ ወንበር አንድ ተቀማጭ። ሺንቶ ከዚያ አይጀምርም። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሊቅ ሞቶኦሪ ኖሪናጋ ካሚ ምን እንደሆነ ሲያስረዳ፣ ከተለመደው የወጣና ሰውን የሚያስደምም ወይም የሚያስፈራ ነገር ሁሉ ካሚ ይባላል አለ። ሰውም ይሁን፣ ዛፍም፣ ተራራም፣ ባሕርም፣ አውሬም። ደግ መሆን የለበትም፤ ክፉውም ይገባበታል። ጃፓኖች "ስምንት ሚሊዮን ካሚ" ሲሉም ቆጥረው አይደለም። እኛ "እልፍ አእላፋት" እንደምንለው ነው።

ስለዚህ ከቦታ ጀምሩ። ናራ ውስጥ የሚገኘው የኦሚዋ መቅደስ ለካሚው ማደሪያ የሚሆን ዋና ሕንፃ የለውም። ከጸሎት አዳራሹ ጀርባ ያለው የሚዋ ተራራ ራሱ ማደሪያው ነው። ሰው ወደ ተራራው ዞሮ እጅ ይነሳል። አሁን ይኼን ኤክሴል ላይ "የተራራ አምላክ" ብላችሁ ጻፉትና ምን እንደቀረ እዩ።

ወይም ሱጋዋራ ኖ ሚቺዛኔን ውሰዱ። ሰው ነበረ። ምሁር፣ ባለቅኔ፣ የቤተ መንግሥት ባለሥልጣን። በ901 ተቀናቃኞቹ አሲረውበት ከኪዮቶ ወደ ዳዛይፉ ተጋዘ፤ በ903 እዚያው ሞተ። ከዚያ መዓቱ መጣ። የባላንጣዎቹ ወገኖች ተራ በተራ ይሞቱ ጀመር። በ930 ቤተ መንግሥቱን መብረቅ መታውና ሹማምንት አለቁ። "ሚቺዛኔ ነው" ተባለ። ማዕረጉ ተመለሰለት፣ ኪታኖ ላይ መቅደስ ተሠራለት፣ ቴንጂን ተብሎ ይመለክ ጀመር። ዛሬ የጃፓን ተማሪ ከፈተና በፊት ሄዶ የሚለማመነው እሱን ነው።

ሠንጠረዣችሁ ውስጥ ቢገባ ምን ይባላል? "የትምህርት አምላክ።" አለቀ። ግፉ የለ፣ ግዞቱ የለ፣ መብረቁ የለ፣ የበደሉት ሰዎች ድንጋጤ የለ። ኧረ ጨዋታው እኮ እሱ ነበር!

የእኔ ሃያ አራቱስ ምን ሆኑ? በሦስተኛው ሴሽን (የጨዋታ ቀን) ተጫዋቾቼ አንዱንም አያስታውሱም ነበር። የሚያስታውሱት አንድ ጉድጓድ ነው። አንዷ ውኃ ልትቀዳ ስትል እንደ ቀልድ "ከጉድጓዱ ውስጥ የሆነ ነገር ስምሽን ጠራ" አልኳት። ስም አልነበረውም። ሥልጣን አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ግን ሩዝ ሳይዙለት ከመንደሩ የወጡበት ቀን የለም። ሦስት ሳምንት የደከምኩበት ፋይል በአንድ ዓረፍተ ነገር ተሸነፈ።

ለአንድ መንደር አራት ካሚ ይበቃል። ለያንዳንዱ እነዚህን መልሱ፦ የት ያድራል? ደጁን ማን ይጠርግለታል? ምን ይቀርብለታል? ከተረሳ ማን ይጎዳል? "የምን አምላክ ነው" የሚለውን የሚለማመኑት ሰዎች ይወስኑት። ኢናሪ የሚባለው ካሚ ከሩዝ ጋር ነበር የሚያያዘው። ቆይቶ ነጋዴው ያዘው። ዛሬ ሕንፃቸው ጣሪያ ላይ ትንሽ የኢናሪ መቅደስ ያቆሙ ኩባንያዎች አሉ። በነገራችን ላይ በኢናሪ መቅደሶች የሚታዩት ቀበሮዎች የኢናሪ መልእክተኞች ናቸው እንጂ ኢናሪ አይደሉም። ይቺን ያልተሳሳተ ጀማሪ ገና አላጋጠመኝም።

2. "አምላክ" በሚለው ቃል መጫወት

ይኼ በአማርኛ ለምንጫወተው የመጣ ጣጣ ነው። "አምላክ" ስትሉ ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ አንድ፣ ሁሉን ቻይ፣ ሁሉን አዋቂ የሆነውን ያስባል። "ጣዖት" ስድብ ነው። "መንፈስ" ስትሉ ግማሹ ጠበል ትዝ ይለዋል። እኔ ለተወሰነ ጊዜ "አድባር" እል ነበር። የዋርካው፣ የተራራው፣ የአገሩ ጠባቂ። ከቃሎቻችን ሁሉ የሚቀርበው እሱ ነው፤ በጃፓን መቅደስ ግቢ ውስጥ ወገቡን በገመድ የታሰረ ሽማግሌ ዛፍ በፎቶ ያየ ሰው ይገባዋል። ግን አድባር የራሱ አገር አለው። ተጫዋቾቼ በሩዝና በሳኬ (የሩዝ መጠጥ) ፋንታ ቅቤና ፈንዲሻ ማቅረብ ጀመሩ። ዓለሙ ጃፓንም ወሎም ሳይሆን ቀረ። "ካሚ" በሉትና ተገላገሉ።

3. ደግና ክፉ ብሎ መክፈል

ሱሳኖ የሚባለው ካሚ የእኅቱን፣ የፀሐይቱን ካሚ የአማቴራሱን የሩዝ ማሳ ድንበር አፈረሰ። ፈረስ ገፎ የሽመና ቤቷን ጣሪያ ቀዶ ወረወረባት። ከሰማይ ተባረረ። ያው ሱሳኖ ኢዙሞ ሲደርስ የሚያለቅሱ ሽማግሌና አሮጊት አገኘ። ስምንት ራስ ያለውን እባብ በሳኬ አስክሮ ቆራረጠውና ልጃቸውን አዳነላቸው። ደግ ነው ክፉ? ካሚ ቁጡ ገጽ አለው፣ አራሚታማ ይሉታል። የረጋ ገጽም አለው፣ ኒጊሚታማ ይሉታል። ባለቤቱ አንድ ነው። እናንተ መወሰን ያለባችሁ ዛሬ በየትኛው ገጹ እንደመጣና ማን እንዳስቆጣው ነው።

4. ለካሚ ላይፍ መስጠት

ላይፍ (ሲያልቅ የሚሞትበት የጤና ነጥብ) ከሰጣችሁት ተጫዋቾቹ ይገድሉታል። እኔ ለአንድ ወንዝ መቶ ሰማንያ ሰጠሁት። ሦስት ሰዓት ዳይስ ሲወረውሩ አምሽተው ገደሉት። ወንዙ ደረቀ። እኔም የምለው ጠፋኝ።

5. እርኩሰትን ከኃጢአት ጋር ማምታታት

እዚህ ላይ እኛ ከፈረንጁ እንቀድማለን። ንጹሕ ያልሆነ ሰው ቤተ መቅደስ ሳይገባ ከውጭ ቆሞ እንደሚያስቀድስ ከልጅነታችን እናውቃለን። ሰውዬው ወንጀል ሠርቶ አይደለም። በሺንቶ ኬጋሬ የሚባለው እርኩሰትም ከዚህ ስሜት ብዙም አይርቅም። ከሞት፣ ከደም፣ ከበሽታ ይተላለፋል። የነካው ይታጠባል።

ኢዛናጊ የሚባለው ካሚ የሞተች ሚስቱን ኢዛናሚን ፍለጋ ዮሚ ወደሚባለው የሙታን አገር ወረደ። የእሳትን ካሚ ስትወልድ ተቃጥላ ነበር የሞተችው። በስብሳ አያትና ሮጦ አመለጠ። ከዚያ ወንዝ ገብቶ ታጠበ። ከግራ ዓይኑ አማቴራሱ፣ ከቀኝ ዓይኑ ትሱኩዮሚ፣ ከአፍንጫው ሱሳኖ ተወለዱ። ፀሐይ፣ ጨረቃና ያ ረባሽ ወንድማቸው የተገኙት ከእጥበት ነው። ይኼን የሚያክል ስጦታ ይዛችሁ ጨዋታችሁ ውስጥ "መንጻት" ማለት ሁለት ሳንቲም የሚከፈልበት አስማት ብቻ ከሆነ ያሳዝናል።

አንዴ ተጫዋቾቼ ከውጊያ በቀጥታ፣ ደማቸውን እንደለበሱ፣ ሊፈወሱ መቅደስ ሊገቡ መጡ። ካህኑ በሩ ላይ ቆመና "አይገባም" አለ። "መንደሩን ያዳንነው እኛ ነን!" "አውቃለሁ። አመሰግናለሁ። ወንዙ በዚያ ነው።" ሰዓቱ ሌሊት፣ ወሩ ክረምት፣ አንዱ ደግሞ ሊሞት ምንም አልቀረውም። ያንን ሴሽን እስካሁን ያወሩታል። አንድም ዳይስ አልተወረወረበትም።

6. የዘር ሐረግን ጉልበት ማድረግ

"ካራክተሬ የፀሐይ አምላክ ዘር ናት።" እሺ። ምን ማለት ነው? "እሳት ትተፋለች።"

ይቺን ስሰማ ያመኛል። በእኔው ጠረጴዛ የጨረቃ የልጅ ልጅ የሆነች ካራክተር ነበረች። አሥረኛው ሴሽን ላይ ተጫዋቿን "ለመሆኑ አያትሽ ጨረቃ መሆኗ ላንቺ ምንድን ነው?" አልኳት። ትንሽ አሰበችና "ማታ ማየት እችላለሁ" አለችኝ። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። የሰጠኋት እሱን ብቻ ነው።

በ712 የተጻፈውን ኮጂኪን ብትከፍቱት የአማልክት ደም ከጸጋው ይልቅ ዕዳው ይበዛል። የአማቴራሱ የልጅ ልጅ ኒኒጊ ወደ ምድር ሲወርድ የተራራው ካሚ ሁለት ልጆቹን ሰጠው። ኒኒጊ ቆንጆዋን የአበባ ልዕልት ወሰደና መልከ ጥፉዋን የዓለት ልዕልት መለሳት። አባትየው "ሁለቱንም ብትይዝ ዘርህ እንደ ዓለት ይጸና ነበር፤ አሁን እንደ አበባ ይረግፋል" አለው። የነገሥታቱ ዕድሜ የሚያጥረው ለዚህ ነው ይላል መጽሐፉ። የኒኒጊ ልጅ ደግሞ የባሕሩን ካሚ ልጅ አገባ። ስወልድ አትየኝ አለችው። አየ። በሌላ አካል፣ የባሕር አውሬ ሆና ነበር። አፍራ ልጇን ጥላ ወደ ባሕር ተመለሰች፤ መንገዱንም ዘጋችው። የመጀመሪያው ንጉሥ የሚባለው ጂሙ የዚያች ሴት የልጅ ልጅ ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ እሳት የተፋ አለ?

ደም ሥራንም ያወርሳል። አማቴራሱ ዋሻ ገብታ ዓለም የጨለመ ጊዜ አንዱ ካሚ ጸሎቱን ደገመ፣ አንዱ መባውን ያዘ። የናካቶሚ ቤተሰብ ዘሩን ከመጀመሪያው፣ የኢምቤ ቤተሰብ ከሁለተኛው ይቆጥራል። በቤተ መንግሥት ሥርዓት ላይ የሁለቱም ድርሻ ከዚያ ይመዘዛል። በ807 ኢምቤ ኖ ሂሮናሪ የሚባል ሰው ለንጉሠ ነገሥቱ አንድ ጽሑፍ አቀረበ። ፍሬ ነገሩ ናካቶሚዎች ድርሻችንን በሉብን ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ815፣ የ1,182 ቤተሰቦች የዘር መዝገብ ተጠናቀቀ። በሦስት የተከፈለ፦ ከነገሥታት የወረዱ፣ ከካሚ የወረዱ፣ ከባሕር ማዶ የመጡ። ከአማልክት መወለድ በጽሕፈት ቤት የሚመዘገብ ጉዳይ ሆነ ማለት ነው!

ይኼን ለአበሻ ማስረዳት አይከብድም። ዘሩን ከሰሎሞን የሚቆጥር ዙፋን ነበረን። በእኛ አቆጣጠር የ1923ቱ ሕገ መንግሥት እንዲያውም የ1889ኙን የጃፓን ሕገ መንግሥት አርአያ አድርጎ ነው የተቀረጸው። ሰባት ቤት ድረስ ተቆጥሮ ያደገ ሰው ደም ማለት ክርክር መሆኑን ያውቀዋል።

አሁን የዘር ሐረግ ይዞ የሚመጣን ተጫዋች ሦስት ነገር እጠይቀዋለሁ። ደሙ ምን ሥራ ያስገድድሃል? ምን ይከለክልሃል? ውሸት ነው የሚልህ ማነው? ለጨረቃዋ የልጅ ልጅም መዝጋቢ ላኩባት። ጠንቃቃ፣ ጨዋ፣ ቀለም የነካው ጣት ያለው ሽማግሌ። "እመቤቴ፣ ቤተሰብዎ የተመዘገበው ከባሕር ማዶ ከመጡት ጋር ነው" አላት። አራት ሴሽን ሙሉ ሰይፍ አልተመዘዘም። ልጅቷም ማታ ማየት እንደምትችል ረሳችው።

አንድ ነገር ግን በጥንቃቄ ያዙ። ይኼ የዘር ጉዳይ ጃፓን ውስጥ ተረት ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው ወደ ጦርነት ተነድቶበታል። ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ጃንዋሪ 1 ቀን 1946 ባወጡት መግለጫ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በሰው አካል የተገለጠ አምላክ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ውድቅ አድርገዋል። ዓለማችሁ ውስጥ የአማልክት ዘር ሁሉ ገዥ ሊሆን የተፈጠረ፣ ሌላው ተገዢ ሊሆን የተፈጠረ ከሆነ፣ ቢያንስ ይኼን የሚጠራጠር አንድ ሰው አስገቡ።

7. "ንጹሕ" ሺንቶ መፈለግ

አትድከሙ። ሺንቶና ቡድሂዝም ከሺህ ዓመት በላይ ተደባልቀው ኖረዋል። መንግሥት እንዲለዩ ያዘዘው በ1868 ነው። ቤንዛይተን የምትባለው ተወዳጅ የሙዚቃና የውኃ አምላክ ከሕንድ የመጣች ናት።

8. እውነተኛ ስሞችን መውሰድ

ወደ አማቴራሱ ዛሬም ሰው ይጸልያል። የራሳችሁን ስም ፍጠሩ።

9. መቅደሱን ሁሉ ፍርስራሽ ማድረግ

የፋንታሲ ልማድ ነው። ቅዱስ ቦታ ከሆነ ሐረግ የወረሰው፣ ሸረሪት ያደራበት፣ ሺህ ዓመት ሰው ያልረገጠው መሆን አለበት። የኢሴ መቅደስ ግን በየሃያ ዓመቱ አዲስ ሆኖ ይሠራል። ከጎኑ ባለው ባዶ ቦታ ላይ፣ በዚያው ቅርጽ፣ በአዲስ እንጨት። ለ62ኛ ጊዜ የታደሰው በ2013 ነው፤ ቀጣዩ 2033 ነው። አናጺው ለልጁ ያስተምራል፣ እንጨቱ ከኪሶ ተራሮች ተመርጦ ይቆረጣል፣ ካሚው በሌሊት ወደ አዲሱ ቤት ይሄዳል። ለጌም ማስተር ከዚህ የበለጠ ምን ይሰጠው? የሚጓጓዝ እንጨት አለ፣ የሚሰረቅ እንጨት አለ፣ የማይቀየር ቀነ ገደብ አለ።

እኔ ጋ ያለው ካምፔይን (ተከታታይ ጨዋታ) አሁን እዚያ ላይ ነው። ዓለሙ ያው ነው፣ ስልሳ ዓመት አልፏል። የአዲሱ መቅደስ ምሰሶ ከተራራው በወንዝ ተንሳፍፎ መውረድ ነበረበት። ወንዙ ግን ያኔ መቶ ሰማንያ ላይፍ የሰጠሁት ወንዝ ነው። የጨረቃዋ የልጅ ልጅ አርጅታለች፤ ተጫዋቿ አሁን የእሷን የልጅ ልጅ ይዛ ትጫወታለች። ቅዳሜ ደረቁ ወንዝ ዳር ሄዳ አያቷ የገደለችውን ካሚ ይቅርታ ልትጠይቅ ነው። ምን ይዛለት እንደምትሄድ ጠየቅኳት። አልነግርህም አለችኝ።