የአሸዋ አምላክ አፈጣጠር

ለልብ ወለዳችሁ የተፈጥሮ አምላክ ስትፈጥሩ ከመልኩ አትጀምሩ። እኔ ከመልኩ ጀምሬ ሦስት ወር አቃጥያለሁ። አረንጓዴ ፂም ሰጠሁት፣ የቅጠል ዘውድ ደፋሁለት። ሲያዩት ያምራል፤ ሥራ ግን የለውም። ስሙንም ኤልቫንዶሪክስ አልኩት። ጎረቤቴ ሰምታ «አቦ፣ የሳል ሽሮፕ ነው?» አለችኝ። ስም ስታወጡ ጮክ ብላችሁ ተጣሩት። እናት ደንግጣ ልትጠራው ካልቻለች ጣሉት። አሁን ሹርማድ ነው የምለው።

ከጠባዩ ጀምሩ፤ ጠባዩን ደግሞ ከምታውቁት ቦታ ውሰዱ። እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፣ ከደቻቱ ወሰድኩ። ደቻቱ ወንዝ ይባላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል። ዝናቡ ግን ደጋው ላይ በደንብ ከጣለ፣ እኛ ዘንድ ጠብ ባይልም ጎርፉ ሊደርስ ይችላል። በ1998 ክረምት በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል።

ስለዚህ ሹርማድ አሸዋ ውስጥ የሚተኛ አምላክ ነው። የሚቀሰቅሰው ሩቅ የዘነበ ውሃ ነው። ክፉ አላደረግኩትም፤ ጎርፍ ቂም የለውም። ላዩ ላይ ሰው መኖሩን አያውቅም፣ በቃ። የማይችለውን ነገር ቀድማችሁ ወስኑ፤ ታሪኩ የሚወጣው ከዚያ ነው።

ቀጥሎ የአምልኮ ሥርዓቱ። ሥርዓት እንቢ የሚባልበት መንገድ ከሌለው ጌጥ ብቻ ነው። ሐረር በአሹራ በዓል ለጅብ ቅቤ ያለው ገንፎ ይቀርባል። ጅቡ ደህና አድርጎ ከበላ ዓመቱ መልካም ነው ይባላል። ግን ላይበላም ይችላል! ሰው ትንፋሹን ውጦ የሚያየው ለዚህ ነው።

የኔዎቹ ሰዎች አሸዋ የጫኑ ቀን ከሸሚዛቸው አንድ ቁልፍ በጥሰው ይቀብራሉ፣ ሹርማድ ላዩ ላይ ማን እንዳለ እንዲያውቅ። በማግስቱ ቁልፉ ወጥቶ ከተገኘ አልተቀበለም ማለት ነው፤ ያን ቀን አሸዋ አይነካም። ይህን ከጻፍኩ በኋላ ስለ አምላኩ ብዙ ማብራራት ቀረልኝ። ገበያው ላይ አሸዋ ጫኙ ሸሚዙን በእሾህ ወግቶ ይሄዳል። ቤት የሚያሠራው ነጋዴ ግን ቁልፉ እስከ አንገቱ ሙሉ ነው።