እግር በፍጥነት ሲዝል፦ በጊላን-ባሬ ሕመም ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ጊላን-ባሬ ሲንድሮም ብዙ ሰው ስሙን እንኳ ሰምቶት አያውቅም። ሲመጣ ግን ፋታ አይሰጥም። ከትናንት ወዲያ ደረጃ በደህና የወጣ ሰው ዛሬ ከወንበር ለመነሳት በእጁ ይደገፋል፤ ነገ ጨርሶ መቆም ሊያቅተው ይችላል። ሰውነትን ከተሕዋስያን የሚጠብቀው የመከላከል ሥርዓት ተሳስቶ የራሱን ነርቮች ስላጠቃ ነው። ከህብለ ሰረሰር ወጥተው ወደ እጅና እግር የሚሄዱት ነርቮች ማየሊን የሚባለው ሽፋናቸው ይጎዳል። በአንዳንድ ሕመምተኞች ደግሞ የሚጎዳው የነርቩ ክር ራሱ ነው። ስለዚህ ትእዛዙ ከጡንቻው አይደርስም።

በዓመት ከ100,000 ሰው 1 ወይም 2 ሰው ይይዘዋል። ቶሎ ከታወቀና በደንብ ከተያዘ አብዛኛው ሰው ተመልሶ ይራመዳል፤ ለዚህ ነው በከንቱ ያለፈ ቀን የሚያስቆጨው። ከታች የዘረዘርኳቸው ስህተቶች በቤተሰብም በሕክምና ባለሙያም የሚሠሩ ናቸው። አብዛኞቹ የሚመነጩት ሕመምተኛውን ዛሬ ባለበት ሁኔታ ብቻ ከመመዘን፣ በሽታው የሚሄድበትን ፍጥነት ካለማየት ነው።

“ድካም ነው፣ ይለቅሃል” ብሎ ማሳደር

በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በቀላል ነገር ነው። የእግር ጣቶች ይደነዝዛሉ፤ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል፤ ጀርባና ጭን ይወጋል። ውጋቱ ከድክመቱ ቀድሞ ስለሚመጣ የወገብ ችግር ይመስላል። ማስታገሻ ይወሰድና ሁለት ቀን ያልፋል። በነዚያ ሁለት ቀናት ድክመቱ ከእግር ወደ ጭን፣ ከዚያም ወደ እጅ ሊወጣ ይችላል።

ሦስት ነገር አንድ ላይ ካዩ አይጠብቁ፦ ድክመቱ በሁለቱም ጎን ከሆነ፣ ከቀን ወደ ቀን ከባሰ፣ እና እየወጣ ከሄደ። ቤት ውስጥ መፈተሽም ይቻላል። ሰውየው እጁን ሳይጠቀም ከወንበር ይነሳ። በጣቶቹ፣ ቀጥሎ በተረከዙ ይራመድ። ትናንት የቻለውን ዛሬ ካቃተው ሰዓቱ ምንም ይሁን ምን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ሕፃናት ደግሞ “ደከመኝ” አይሉም። እግሬን አመመኝ ብለው ያለቅሳሉ፣ መራመድ እምቢ ይላሉ፣ እቀፉኝ ይላሉ። ይህ እንደ ማኩረፍ ሲቆጠር በጣም ያሳዝነኛል።

በሽታው ሁልጊዜ ከእግር ይጀምራል ብሎ ማሰብም ያሳስታል። ሚለር ፊሸር የሚባለው ዓይነት የሚጀምረው ከዓይን ነው። ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል፣ አረማመድ ይንገዳገዳል፣ እግርና እጅ ግን ጉልበታቸው ደህና ሊሆን ይችላል። በሌሎች ሰዎች ደግሞ ቀድሞ የሚዝለው ፊት ነው፤ በሁለቱም ጎን።

ያለፈውን ተቅማጥ ወይም ጉንፋን አለመናገር

ከሦስት ሕመምተኞች ሁለቱ ያህል ድክመቱ ከመጀመሩ በፊት ባሉት 6 ሳምንታት ውስጥ ሌላ ሕመም ነበራቸው። ተቅማጥ፣ ጉንፋን፣ ሳል፣ ትኩሳት ሊሆን ይችላል። በጣም የታወቀው መነሻ ተቅማጥ የሚያመጣው ካምፓይሎባክተር የተባለ ባክቴሪያ ነው። የዚህ ባክቴሪያ ልባስ በነርቭ ላይ ከሚገኝ ቅባት ጋር ይመሳሰላል። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመግደል ያዘጋጀው ፀረ እንግዳ አካል ነርቩንም እንደ ጠላት ያየዋል። በ2013 እና 2014 በፈረንሳይ ፖሊኔዢያ፣ ቀጥሎም በላቲን አሜሪካ የዚካ ቫይረስ ሲዛመት የጊላን-ባሬ ሕመምተኞች ቁጥርም አብሮ ጨምሮ ነበር።

ሰው ግን የዳነውን ተቅማጥ ከዛሬው የእግር ድክመት ጋር አያገናኘውም። ስለዚህ ሐኪሙ ባይጠይቅም ይንገሩ። በሽታው ራሱ ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ሕመምተኛውን መራቅ አያስፈልግም።

ሪፍሌክስ ሳይመረምሩ “ጭንቀት ነው” ማለት

ይህ ለባለሙያ ነው። ሰውየው መራመድ አቃተኝ ይላል። የደም ምርመራው ደህና ነው፣ የራስ ስካኑ ደህና ነው። ወጣት ከሆነ፣ በተለይም ሴት ከሆነች፣ “የአእምሮ ጭንቀት ነው” የሚለው ወረቀት ቶሎ ይጻፋል። ጉልበት ሥር በመዶሻ መንካት ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሪፍሌክሱ፣ ማለትም ጅማቱ ሲመታ እግር በራሱ የሚሰጠው ምላሽ፣ ከቀነሰ ወይም ከጠፋ ጭንቀት አይደለም። በተቃራኒው ሪፍሌክሱ ስላለ ብቻ በሽታውን መሰረዝም ልክ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊኖር ይችላል፤ በጥቂት ሰዎች ደግሞ እስከ መጨረሻው አይጠፋም። ነገ ተመልሶ መፈተሽ ነው።

በፍጥነት የሚመጣን ድክመት ሁሉ ጊላን-ባሬ ማለት

ስሙን ያወቀ ሰው ደግሞ ሌላ ወጥመድ ይጠብቀዋል። ድክመቱ በግማሽ ጎን ብቻ ከሆነ ስትሮክ ይታሰብ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተው፣ ወይም ከሆድ አካባቢ ካለ ቁርጥ መስመር በታች ስሜት ከጠፋ፣ ህብለ ሰረሰሩ ተጭኖ ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ ኤምአርአይ ይነሳ። እዚያ ላይ የሰዓታት መዘግየት እግርን ለዘለዓለም ሊያሳጣ ይችላል። ከዓይንና ከአፍ ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ ድክመት ቦቱሊዝምን፣ ማለትም በባክቴሪያ መርዝ የሚመጣን ሽባነት፣ ያሳስባል። በደም ውስጥ ፖታሲየም በጣም ሲቀንስም ሰውነት ይዝላል፤ ይህ በቀላል የደም ምርመራ ይታወቃል፣ ሕክምናውም ፈጣን ነው።

ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ በድንገት እግሩ ወይም እጁ ከዛለና ከለሰለሰ ለፖሊዮ ቅኝት ሪፖርት መደረግ አለበት። ሁለት የሰገራ ናሙና ቢያንስ በ24 ሰዓት ልዩነት፣ ድክመቱ በጀመረ በ14 ቀን ውስጥ ይወሰዳል። ሐኪሙ ጊላን-ባሬ መሆኑን ቢያምንም ይህ አይቀርም።

ምርመራው እስኪያረጋግጥ ሕክምናን ማቆየት

በ1916 ጊላን፣ ባሬ እና ስትሮል የተባሉ ፈረንሳውያን ሐኪሞች በሁለት ወታደሮች ላይ ያዩትን ጻፉ። ከወገብ በመርፌ የሚቀዳው የጀርባ ፈሳሽ ፕሮቲኑ ከፍ ብሎ ነበር፣ ነጭ የደም ሕዋስ ግን አልጨመረም። ይህ ምልክት እስከ ዛሬ ይሠራል። ችግሩ ጊዜ መፈለጉ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከሕመምተኞቹ ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት ፕሮቲናቸው ገና ደህና ነው። የነርቭ ኤሌክትሪክ ምርመራውም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ደህና ውጤት ይዞ የመጣን ሰው “የለብህም” ብሎ ወደ ቤት መላክ ትልቅ ስህተት ነው። የጀርባ ፈሳሹ ዋና ጥቅም ሌላ በሽታ አለመሆኑን ማሳየቱ ነው። ነጭ ሕዋሱ በአንድ ማይክሮ ሊትር ከ50 ካለፈ ሌላ ምክንያት ይፈለግ። የሕመሙ ታሪክና የአካል ምርመራው ግልጽ ከሆነ ሕክምናው ወረቀት አይጠብቅም።

የጣት ኦክስጅን መለኪያን አምኖ መቀመጥ

ይህን ስህተት ከሁሉም በላይ እፈራዋለሁ። ከሕመምተኞቹ ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት መተንፈሻ ማሽን ያስፈልጋቸዋል። ሳንባቸው ጤነኛ ነው፤ የደከመው የሚነፋው ጡንቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ኦክስጅኑ 97 በመቶ እያለ ትንፋሹ ሊያልቅ ይችላል። ኦክስጅኑ መውረድ ሲጀምር ጊዜው መሽቷል። ብዙዎቹም ከሚጠበቀው በተቃራኒ አያቃስቱም፣ አይንፈራገጡም። ፊታቸው ስለዛለ ጭንቀታቸው አይነበብም። ዝም ብለው እየደከሙ ይሄዳሉ።

ታዲያ ምን ይታይ? መጀመሪያ ድምፁን ያዳምጡ። አረፍተ ነገር ሳይጨርስ አየር ከሳበ፣ ድምፁ በአፍንጫ ከሆነ፣ ሳሉ ከላላ፣ ውሃ ሲጠጣ ትን ካለው አደጋው ቀርቧል። ጭንቅላቱን ከትራስ ማንሳት ካቃተውም እንዲሁ፤ አንገትን የሚያነሳው ጡንቻና የመተንፈሻው ጡንቻ አብረው ነው የሚደክሙት። በጀርባ ሲተኛ ትንፋሽ ካጠረውና አየር ሲያስገባ ሆዱ በመነፋት ፈንታ ወደ ውስጥ ከገባ ድያፍራሙ፣ ደረትንና ሆድን የሚለየው ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ደክሟል። ቀላል ፈተናም አለ። በደንብ አየር ስቦ በአንድ ትንፋሽ ጮክ ብሎ ይቁጠር። ጤነኛ ሰው 20ን በቀላሉ ያልፋል። እሱ ጋ ካልደረሰ፣ ወይም ጠዋት 30 የቆጠረው ማታ 18 ላይ ከቆመ፣ ነርሷ ወዲያው ትጠራ።

ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራበት ልክ አለ። በደንብ አየር ስቦ በአንድ ትንፋሽ በሙሉ ኃይሉ የሚያወጣው አየር በሰውነቱ ክብደት በኪሎ ከ20 ሚሊ ሊትር በታች ከወረደ ሰውየው ጽኑ ሕሙማን ክፍል መግባት አለበት። መለኪያው በየጥቂት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር ይደገም። ሌላ ሆስፒታል ከመላኩ በፊትም ይለካ። መንገድ ላይ ትንፋሹ ቢቆም በአምቡላንስ ውስጥ ማን ምን ይዞ ይረዳዋል የሚለው ሳይመለስ መነሳት የለበትም። መዋጥ ካቃተው ደግሞ በአፍ ምንም አይሰጠው። “ትንሽ ሾርባ ይቅመስ እንጂ” የሚል ደግ ዘመድ ሳያውቅ ምግብ ወደ ሳንባ ሊያስገባ ይችላል።

ቱቦ የሚያስገባ ባለሙያ ሰክሲኒልኮሊን የተባለውን ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት ይተወው። በነዚህ ሕመምተኞች ፖታሲየምን በድንገት አስፈንጥሮ ልብን ሊያቆም ይችላል።

ልብንና ደም ግፊትን መርሳት

በሽታው ልብን፣ የደም ሥርን፣ አንጀትንና ፊኛን የሚያዙትን ነርቮችም ይነካል። ግፊቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣል፣ ይወርዳል። ጉሮሮ በማሽን ሲጸዳ ልብ ቀጥ ልትል ትችላለች። ስለዚህ የልብ ምት መከታተያው አይነቀል። ግፊቱ ለአፍታ ወጣ ተብሎ ረጅም ሰዓት የሚሠራ ኃይለኛ መድኃኒት መስጠትም ያስፈራል፤ ከደቂቃዎች በኋላ ግፊቱ በራሱ ሲወርድ መድኃኒቱ ጨምሮ ይጥለዋል።

ስቴሮይድ መስጠት

ሐሳቡ ምክንያታዊ ይመስላል። መከላከያው ሰውነትን እያጠቃ ነው፣ ስለዚህ እናብርደው። ግን ተሞክሮ አልሠራም። በአፍ የሚወሰደው ማገገምን ሊያዘገይ እንደሚችልም ታይቷል። ግራ የሚያጋባው ወራት የሚቆየው የዚሁ ሕመም ዘመድ፣ ሲአይዲፒ የሚባለው፣ በስቴሮይድ መሻሉ ነው። ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

የሚሠሩት ሕክምናዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ኢሚውኖግሎቡሊን፣ ከለጋሾች ደም የተለየ ፀረ እንግዳ አካል፣ በደም ሥር መስጠት ነው፤ በቀን በክብደቱ በኪሎ 0.4 ግራም ለ5 ቀን። ሁለተኛው ደሙን በማሽን አሳልፎ ፕላዝማውን፣ ማለትም የደሙን ፈሳሽ ክፍል፣ መቀየር ነው። በጥቅም እኩል ናቸው፤ የሚመረጠው ቶሎ የሚገኘው ነው። ኢሚውኖግሎቡሊን በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት፣ ፕላዝማ መቀየር እስከ 4 ሳምንት ድረስ ጥቅም እንዳላቸው ታይቷል። በተለይ ያለ ረዳት መራመድ ላቃተው ሰው ይጀመራል፤ በፍጥነት እየባሰበት ላለም ሰው መቆም እስኪያቅተው አይጠበቅም።

“ካልሠራ ይደገም” ማለት

ሕክምናው ተሰጥቶ በሳምንቱ ለውጥ ካልታየ ቤተሰብ ይጨነቃል፣ ሐኪምም ይጨነቃል። ሁለቱን ሕክምናዎች ማከታተል ግን ከአንዱ የተሻለ ውጤት አላሳየም። ኢሚውኖግሎቡሊን ሰጥቶ ወዲያው ፕላዝማ መቀየር የሰጡትን መድኃኒት መልሶ ማጠብ ነው። በ2021 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት ደግሞ በጠና ለታመሙ ሁለተኛ ዙር ኢሚውኖግሎቡሊን እንዳልጠቀመ፣ ጉዳቱ ግን እንደጨመረ አሳይቷል። የተጎዳ ነርቭ የሚጠገነው በሳምንታትና በወራት ነው። ሌላው ነገር ከተሻለው በኋላ እንደገና መውደቅ ነው። ይህ በ8 ሳምንት ውስጥ ከ10 ሰው በ1 ሰው ያህል ይደርሳል፤ ለእነዚህ ሕክምናው ብዙ ጊዜ ይደገማል። ስለዚህ ቤት ከገባ በኋላ እግሩ ዳግም ከዛለ በዚያው ቀን ይመለስ።

አይሰማም ብሎ በአጠገቡ ማውራት

ፊቱ አይንቀሳቀስም፣ ቱቦ ገብቶለታል፣ ዓይኑን እንኳ መክፈት ላይችል ይችላል። አእምሮው ግን ንቁ ነው። “ይተርፍ ይሆን?” ብለው አልጋው ሥር ሲነጋገሩ ይሰማል። ሥቃይም አለው፤ ውጋቱ ብርቱ ነው፣ መናገር ስለማይችል ብቻ ሳይታከም ይቀራል። በስሙ ይጥሩት። የሚደረገውን ከመደረጉ በፊት ይንገሩት። ዓይኑን ማንቀሳቀስ ከቻለ “አዎ” እና “አይ” የሚልበት ምልክት ይስማሙ። ለረጅም ጊዜ ስለሚተኛ በእግሩ ደም እንዳይረጋ መከላከያ ይሰጠው፣ በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ ይገላበጥ፣ የማይከደን ዓይኑ እንዳይደርቅ ይጠበቅ፣ መገጣጠሚያው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይንቀሳቀስ።

ከሆስፒታል ሲወጣ “ዳነ” ብሎ መተው፣ ክትባትንም መሸሽ

በ6 ወር ውስጥ ከ10 ሰው 8ቱ ያህል ያለ ረዳት ይራመዳሉ። የሚራመደው ሰው ግን በጣም ይደክመዋል። ይህ ድካም ስንፍና አይደለም፤ ብዙዎች ላይ ለዓመታት ይቆያል። ፊዚዮቴራፒው ይቀጥል፣ ሥራውም ቀስ በቀስ ይጀመር።

ክትባትን በተመለከተ የሚነሳው ፍርሃት መነሻ አለው። በ1976 በአሜሪካ ለአሳማ ጉንፋን የተሰጠው ክትባት ከ100,000 ተከታቢ በ1 ሰው ያህል ተጨማሪ ሕመም አስከትሎ ነበር። የዛሬዎቹ የጉንፋን ክትባቶች ተጨማሪ አደጋ ካለም ከሚሊዮን 1 ወይም 2 ሰው ነው፤ ጉንፋኑ ራሱ ከዚያ የበለጠ ያሰጋል። ሕመሙ የጀመረው አንድ ክትባት በተወሰደ በ6 ሳምንት ውስጥ ከሆነ ያንን ክትባት ከመድገም በፊት ከሐኪም ጋር ይመካከሩ። ከዚያ ውጭ ሌሎቹን ክትባቶች ሁሉ ለማቋረጥ ምክንያት የለም።