ከአርባ በኋላ የሃይኪንግ ልብስ ሲመረጥ

ለሃይኪንግ ሱሪ ስትገዙ መስታወት ፊት ቀጥ ብሎ መቆም አይበቃም። ቁጢጥ በሉ። አንድ እግራችሁን ወንበር ላይ አውጡ። ቁልፉን እንደቆለፋችሁ ቁጭ በሉና በረጅሙ ተንፍሱ። ሆድ ከተጨነቀ፣ የድሮ ቁጥራችሁ ቢሆንም መልሱት። ቦርጭ መጥቷል፣ ምን ይደረጋል! የሱሪውን ቁጥር ማንም አያይም፤ ተወጥሮ የተያዘ ሆድ ግን ከሩቅ ይታያል።

እኔ ችክ የምለው ሱሪ ላይ ነው። ወገቡ ከጎንና ከኋላ ላስቲክ፣ ከፊት ለጥ ያለ መሆን አለበት። ምክንያቱም ትልቅ የጀርባ ቦርሳ ክብደቱ ዳሌ ላይ እንዲያርፍ ወገብ ላይ ይታሰራል። ከሥሩ ወፍራም የቀበቶ ዘለበት ካለ ቀኑን ሙሉ ሲወጋችሁ ይውላል። ስለዚህ ቦርሳችሁን ይዛችሁ ሂዱና ታጥቃችሁ ሞክሩት። ሻጩ ቢገረም ይገረም።

ቀጥሎ ሱሪውን ገልብጡና ብሽሽቱን እዩ። ስፌቶቹ ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ከሚገናኙ፣ መሃል ላይ ትንሽ ቁራጭ ጨርቅ የገባበት ይሻላል። አቀበት ላይ እግር ሲነሳ አይወጥርም፣ ጭንም አይልጥም። ጨርቁ ናይሎን ሆኖ ትንሽ ላይክራ (የሚለጠጥ ክር) ቢኖረው ጉልበት ላይ እንደልብ ይታጠፋል።

ከላይ ጥጥ አልመክርም። ላብ ጠጥቶ ቶሎ አይደርቅም፤ አረፍ ስትሉ ጀርባችሁ ላይ በረዶ ይሆናል። ፖሊስተር ቶሎ ይደርቃል፣ ግን ይሸታል። ቀጭን የሜሪኖ በግ ሱፍ ብዙም ሽታ አይዝም፣ እርጥብ ሆኖም ይሞቃል። ዋጋው ግን ወደድ ይላል፣ ቶሎም ይሳሳል።

እስከ ደረት የሚከፈት ዚፕ ያለው ቲሸርት ደግሞ ለእኛ በማረጥ ዕድሜ ላይ ላለን ሴቶች የግድ ነው። ሙቀቱ ድንገት ሲወረን ዚፑን ወደ ታች፣ አለቀ። ጃኬትም ብብት ሥር የሚከፈት ቢሆን ጥሩ ነው። ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ ማውለቅና መልበስ አይቀርም።

ውበቱስ? ልክ የሆነ ልብስ ግማሹን ይሠራል። ቦርጭ ለመደበቅ ድንኳን የሚያክል ሸሚዝ መልበስ ይብሱን ያገዝፋል። ትከሻው ልክ ይሁን፣ ርዝመቱ ዳሌ ላይ ይለቅ። ሁለት እጃችሁን ስታነሱ ሆድ ካልታየ በቂ ነው። ፈካ ያለ ግራጫ ቲሸርት ላብን ያጋልጣል፤ እኔ እተወዋለሁ። ሱሪው የአፈር ወይም የወይራ ቀለም ከሆነ አቧራ አያሳይም። ከላይ ግን ደማቅ ነገር ልበሱ፤ ቀይም ቢጫም ፊትን ያበራል፣ ጭጋግ ውስጥም ጓደኞቻችሁ አይስቷችሁም።

ስታጥቡት ማለስለሻ አትጨምሩበት። ክሩን ይሸፍነውና ላብ መሳቡን ይቀንሰዋል።